የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ
በአሮጌ ላንድ ክሩዘር ላይ ምክንያቱን ለይቶ የማወቅ ሥርዓት

በገጠር ለአገልግሎትና ለልማት ሥራ ከተሰማሩት አሮጌ ተሽከርካሪዎች መካከል የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 60 እና 70 ሞዴሎች ይገኙበታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ሁለተኛው በ1984 ለገበያ የቀረቡ ናቸው። የእነዚህ መኪኖች ጥንካሬ የታወቀ ቢሆንም በዳሽቦርዳቸው ላይ የሚበራው ቀይ የፍሬን መብራት ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ «የሽቦ ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አንዳንዴም አምፖሉ ይነቀላል። ይሁን እንጂ ሕሙማንን፣ አረጋውያንንና ካህናትን አሳፍሮ የዓባይን በረሃ ወይም የሊማሊሞን ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ያ መብራት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ስለሆነም የሰበካ ጉባኤ አባላት መካኒክ ባይሆኑም እንኳ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ሊያውቁ ይገባል።

መብራቱ ምን ይናገራል?

አንዱ መብራት ከአንድ በላይ መልእክት ያስተላልፋል። አንደኛ፣ የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ያሳያል። ሁለተኛ፣ በማስተር ሲሊንደሩ ላይ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ሲጎድል በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ይወርድና መብራቱን ያበራል። ሦስተኛ፣ በአብዛኞቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የፔዳሉን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮ የሚፈልገው የአየር መሳብ ሲያንስ መብራቱ ይበራል። ሦስቱም በቀይ መብራት ስለሚገለጡ የሚለዩት በምርመራ ብቻ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ ይከናወናል። በቅድሚያ ቁልፉን ከፍቶ የእጅ ፍሬኑን መሳብ ነው። መብራቱ ካልበራ አምፖሉ ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል ማለት ነውና ማስጠንቀቂያው ራሱ ጠፍቷል።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ያሻል። መብራቱ ካልጠፋ መያዣው በትክክል አልተመለሰም ወይም ማብሪያው ተጣብቋል። የማብሪያውን ሽቦ ለጊዜው ነቅሎ ማየት ይቻላል፤ መብራቱ ከጠፋ ጥፋቱ እዚያው ነው። ምርመራው እንዳለቀ ሽቦው ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ከዚህ በኋላ የፍሬን ዘይቱ መጠን ይታያል። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። ከጎደለ ሁለት ምክንያት ብቻ አለው፤ ወይ የፊት ፍሬኑ ሸራ እያለቀ ዘይቱ ወደ ታች ወርዷል፤ ወይም በአንድ ስፍራ እየፈሰሰ ነው። ስለዚህ ዘይት ጨምሮ መብራቱን ማጥፋት መልስ አይሆንም። የጎማዎቹ የውስጥ ገጽ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹ፣ የብረት ቧንቧዎቹ መጋጠሚያና ማስተር ሲሊንደሩ ከሰርቮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ረጥቦ እንደሆነ መፈተሽ ያስፈልጋል። መብራቱ በኩርባ ወይም ፍሬን ሲያዝ ብቻ ብልጭ የሚል ከሆነ ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር አጠገብ ደርሷል ማለት ነው።

ለሰርቮው ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ሲጠነክር ተጭኖ እንደያዙ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ፔዳሉ ጥቂት ወደ ታች ከወረደ ሰርቮው ይሠራል፤ ካልወረደ የአየር መሳቢያው ፓምፕ፣ ቱቦው ወይም ሰርቮው ራሱ ተጎድቷል።

ሁሉም ደኅና ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ የተላጠ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር እየተነካካ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። «ሽቦ ነው» ለማለት የሚቻለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

መብራቱ የማይናገረው

መብራቱ አለመብራቱ ፍሬኑ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። በቧንቧው ውስጥ አየር ሲገባ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለሰልሳል፤ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ ሲያረጅ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ መብራቱ ግን ዝም ይላል። እንዲሁም የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ እየቆየ በቀላሉ መፍላት ይጀምራል። አዲስ የዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የሳበው ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ይህን ሲያፈላው ቧንቧው በእንፋሎት ይሞላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፣ ከታሸገ ቆርቆሮ ብቻ መጠቀምና የሞተር ዘይትን ፈጽሞ አለመጨመር ያሻል፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል።

በጉዞ ላይ ቢበራ

ሾፌሩ ከነዳጅ ፔዳሉ እግሩን አንሥቶ ማርሽ በየደረጃው ይቀንስ፤ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግሞ ይርገጥ፤ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ ይሳብ፤ ከገደሉ ርቆ ወደ ተራራው ጥግ ይጠጋ። ከቆመ በኋላ ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም ዘይት ከፈሰሰ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ሦስት ነገሮች ከጉባኤው ይጠበቃሉ። መጀመሪያ፣ የተጨመረው የፍሬን ዘይት መጠንና ቀን በመኪናው መዝገብ ይጻፍ፤ በተከታታይ ወራት መጨመሩ ከታየ መፍሰስ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከረጅም ጉዞ በፊት የፔዳልና የዘይት ምርመራ ይደረግ። ሦስተኛና ዋናው፣ መብራቱ በርቶ ሳለ አልነዳም ያለ ሾፌር አይወቀስ፤ ክብረ በዓል ቢደርስም፣ እንግዳ ቢጠብቅም ውሳኔው ይከበርለት። ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ምንጊዜም ይተካል፤ በገደል የሚቀረው ሰው ግን አይተካም።