ሰማይ ታረሰ፣ ንጉሥ ግን አልተከሰሰም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ ቦብ ኤበሊንግ የሚባል መሐንዲስ ከሥራ ወደ ቤቱ ገብቶ መንኮራኩሯ ነገ እንደምትፈነዳ ለሚስቱ ነገራት። ቤቱ በአሜሪካ ምዕራብ፣ በዩታ ግዛት ነው። የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር ግን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ቆማ ንጋትን ትጠብቃለች። ኤበሊንግ ነቢይ አልነበረም። የሚያውቀውን ያወቀው በሥራው ነው፤ ሌሎችም እንዲያውቁት የሚችለውን ሁሉ አድርጓል።

በማግስቱ ረፋድ እሱና ባልደረባው ሮጀር ቦይስጆሊ በሚሠሩበት የሮኬት ፋብሪካ ውስጥ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። የፈሩት ገና ከመሬት ሳትላቀቅ እንዳትፈነዳ ነበር። ተነሥታ ስትሄድ ሲያዩ ትንፋሻቸው መለስ አለ። በ73ኛው ሰከንድ ሰማዩ ላይ ነጭ የጭስ ደመና ተበተነ። ሰባት ሰዎች አለቁ። አንዷ ከ11,000 በላይ አመልካቾች መካከል የተመረጠችው መምህርት ክሪስታ ማኮሊፍ ነበረች፤ ተማሪዎች በየክፍላቸው ሆነው በቀጥታ ስርጭት ያዩዋት ነበር።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። ሁለት የማይሞከሩ ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አባባል ነው። ሮኬት የመጀመሪያውን ግማሽ ከሻረው ቆይቷል፤ ሰው ሰማዩን አርሷል፣ ጨረቃንም ረግጧል። የጠፈር ጉዞ ታላላቅ አደጋዎች ታሪክ የሚያስተምረው ግን አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ተሽሮ ሁለተኛው ሳይሻር ሲቀር ሰው ይሞታል።

የጎማው ቀለበት

መንኮራኩሯን በዋናነት ሽቅብ የሚገፏት በግራና በቀኝ የታሰሩ ሁለት ጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች ነበሩ። እያንዳንዳቸው 45 ሜትር ይረዝሙ ነበር። ኤበሊንግና ቦይስጆሊ የሚሠሩበት ሞርተን ታዮኮል የተባለው ኩባንያ ዩታ ውስጥ ይሠራቸውና በቁርጥ በቁርጥ በባቡር ጭኖ ይልካቸው ነበር፤ የሚገጣጠሙት ፍሎሪዳ ነበር። በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት የጎማ ቀለበቶች ነበሩ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ጎሚኒ የሚለው ዓይነት። ዙሪያቸው ከ11 ሜትር በላይ ሲሆን ውፍረታቸው ግን ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ሮኬቱ ሲለኮስ የውስጡ ግፊት የብረት ግድግዳውን ስለሚነፋው መጋጠሚያው በጥቂቱ ይከፈታል። ቀለበቱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተለጥጦ ያን ክፍተት መድፈን አለበት። የሞቀ ጎማ ይህን ይችላል፤ የቀዘቀዘ ጎማ ግን ይደነድናል፣ ይዘገያል። ጠጣር ነዳጅ ደግሞ አንዴ ከተለኮሰ ማጥፊያ የለውም።

ድክመቱ ድንገት የተገለጠ አልነበረም። በጃንዋሪ 1985 ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር በቅዝቃዜ በርራ ከተመለሰች በኋላ ሮኬቶቹ ከባሕር ተለቅመው ሲፈቱ፣ ቦይስጆሊ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ጥቁር ጥላሸት አገኘ። የነደደው ጋዝ የመጀመሪያውን ቀለበት አልፎ ነበር። በጁላይ ለአለቆቹ ጽፎ፣ ነገሩ ካልታረመ የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ አስጠነቀቀ። ኤበሊንግም በኦክቶበር የላከው ማስታወሻ የሚጀምረው «እርዱን!» በሚል ቃል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን። ቅጠሉን የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ከእጃቸው የሚቀበላቸው ነው የጠፋው።

ያ ሌሊት

ለጃንዋሪ 28 የተተነበየው ቅዝቃዜ ከዚያ በፊት መንኮራኩር በርሮበት የማያውቅ ነበር። በዋዜማው ምሽት ዩታ፣ አላባማና ፍሎሪዳ ያሉ 34 መሐንዲሶችና ኃላፊዎች በስልክ ተሰበሰቡ። የታዮኮል መሐንዲሶች የጎማው ሙቀት ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አይምጠቅ አሉ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች ቅር ተሰኙ፤ በማስረጃ አስረዱን አሉ። ኩባንያው አምስት ደቂቃ ስጡን ብሎ መስመሩን ዘጋ፤ ውይይቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ቦይስጆሊ የጥላሸቱን ፎቶግራፎች አለቆቹ ፊት አስቀምጦ ሞገተ። አንድ ከፍተኛ ሥራ አስኪያጅ የምህንድስና ክፍሉን ኃላፊ፣ የመሐንዲሱን ቆብ አውልቀህ የአስተዳዳሪውን ድፋ አለው። ከዚያ ድምፅ የሰጡት አራት አስተዳዳሪዎች ብቻ ናቸው። ይምጠቅ ተባለ። ፍሎሪዳ የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ አልፈርምም በማለቱ ፊርማው ከዩታ በፋክስ ተላከ።

ያን ሌሊት የተገለበጠ አንድ ሥርዓት አለ። ከዚያ በፊት፣ ይምጠቅ የሚል ወገን ጉዞው ደኅና መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ያን ሌሊት ግን፣ አይምጠቅ የሚሉት አደጋ እንደሚደርስ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን ሰባት ነፍስ አለ።

መልሱ ደግሞ እጃቸው ላይ ነበር። ክርክሩ የዞረው ቀለበታቸው በተጎዳባቸው በረራዎች ላይ ብቻ ነው። ያልተጎዱትም አብረው ቢደረደሩ ኖሮ ነገሩ ለዓይን ይገለጥ ነበር። ከ18 ዲግሪ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በሦስቱ ነው። ከዚያ በታች የተደረጉት አራት ሲሆኑ፣ በአራቱም ጉዳት ታይቷል።

በኮሪደር የተላለፈች ወረቀት

በፕሬዚዳንት ሬገን የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሥራውን እንደጀመረ፣ ማክዶናልድ በአንድ ዝግ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተነሥቶ መሐንዲሶቹ አይሆንም ብለው እንደነበር ተናገረ። በማግስቱ የኮሚሽኑ አባል፣ ፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን፣ በካሜራ ፊት ከቀለበቱ ጎማ ቁራጭ ወስዶ በመቆንጠጫ ጨመቀና የበረዶ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ሲለቀው ጎማው ወደ ቅርፁ ለመመለስ ዘገየ። ሕዝቡ የአደጋውን ምክንያት ከዚያች ብርጭቆ ተረዳ።

ከብርጭቆዋ ጀርባ ያለው ታሪክ የተሰማው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ጠፈርተኛ ሳሊ ራይድም የኮሚሽኑ አባል ነበረች። አንድ ቀን በኮሪደር ስትሄድ ለባልደረባዋ ለጄኔራል ዶናልድ ኩቲና አንዲት ወረቀት ሰጥታው ምንም ሳትናገር አለፈች። ወረቀቷ ጎማው ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚደነድን የሚያሳይ የናሳ ሠንጠረዥ ነበረባት። ኩቲና ምንጩን ላለማጋለጥ ሲል ነገሩን በመኪናው ካርቡሬተር አሳብቦ ለፋይንማን አነሣለት። የራይድን ስም የገለጸው በ2012 ከሞተች በኋላ ነው። ዓለም ያጨበጨበላት ጠፈርተኛ እንኳ በራሷ መሥሪያ ቤት እውነትን በስውር ማቀበል ነበረባት። ያ ቤት ምን ዓይነት ፍርሃት እንደዋጠው ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ሁለተኛው ትምህርት

ሶሲዮሎጂስቷ ዳያን ቮን በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ የችግሩን ሥር አሳየች። ጥላሸቱ መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል። መንኮራኩሯ ግን በደኅና ተመልሳለች። በድጋሚ ሲታይ ድንጋጤው ይቀንሳል፣ ቆይቶ ይለመዳል፣ በመጨረሻ እንደ ደንብ ይቆጠራል። ማንም ሰው ለመግደል አላሰበም፤ ሁሉም አደጋውን ለመዱት።

ናሳ መጋጠሚያውን አሻሻለ፤ ልማዱ ግን አልተነቀለም። ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ሌላዋ መንኮራኩር ኮሎምቢያ በተነሣች በ82ኛው ሰከንድ ገደማ፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ በታች የሆነች የፎም ቁራጭ ከነዳጅ ታንኩ ተገንጥላ የግራ ክንፏን መታች። ፎም ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ስለወደቀ ኃላፊዎቹ አልደነገጡም። መሐንዲሶች ክንፉ በጦር ኃይሉ የስለላ ካሜራዎች እንዲታይ ሦስት ጊዜ ጥያቄ አነሡ፤ አንዱም አልተፈጸመም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን፣ ለማረፍ 16 ደቂቃ ሲቀራት፣ ኮሎምቢያ ቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ዳግመኛ ሰባት ሰዎች ሞቱ።

በጁላይ መርማሪዎቹ ያንኑ የሚያህል ፎም በክንፉ ጠርዝ ላይ ተኮሱ፤ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ከፈተ። በሁለቱም አጣሪ ቡድኖች የተቀመጠች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ሳሊ ራይድ። የሁለተኛው ቡድን ሪፖርት የተቋሙ ባህል ለአደጋው የፎሙን ያህል ምክንያት መሆኑን በግልጽ አሰፈረ።

ይህ የአሜሪካ ብቻ ሕመም አይደለም። በኦክቶበር 1960 ሶቪየቶች አዲስ ሮኬት ከአብዮቱ በዓል በፊት ለማድረስ ሲጣደፉ ባይኮኑር ላይ ነዳጅ እንደሞላ ፈነዳባቸው። ሥራው እንዲፋጠን ያዘዘው ማርሻል ሚትሮፋን ኔዴሊን ከብዙ ባለሙያዎች ጋር ሞተ። ሕዝቡ እውነቱን የሰማው በ1989 ነው። በአንዱ አገር መሐንዲሱ ተናግሮ ሰሚ አጣ፤ በሌላው ሐዘኑም ጭምር ምስጢር ሆነ።

ባዶዋ መንኮራኩር

በጁን 2024 ሁለት ጠፈርተኞችን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያደረሰችው ስታርላይነር የተባለች መንኮራኩር መንገድ ላይ አንዳንድ ሞተሮቿ ከዱ፤ ሂሊየምም አፈሰሰች። ወራት የወሰደ ክርክር ተደረገ። በኦገስት ናሳ ሰው ሳይሳፈርባት ባዶዋን ትመለስ ብሎ ወሰነ። በወቅቱ የናሳ አስተዳዳሪ የነበረው ቢል ኔልሰን ውሳኔውን ሲገልጽ ቻሌንጀርንና ኮሎምቢያን በስም አንሥቷል፤ እሱ ራሱ በጃንዋሪ 1986 በኮሎምቢያ በርሮ የተመለሰው ቻሌንጀር ከመፈንዳቷ አሥር ቀን በፊት ነበር። መንኮራኩሯ በደኅና አረፈች፤ ጠፈርተኞቹ በማርች 2025 በሌላ ተመለሱ። በደኅና ማረፏ ውሳኔውን ስህተት አያደርገውም። የማስረዳቱ ሸክም ከ38 ዓመት በኋላ ወደ ቦታው፣ ይብረር ወደሚለው ወገን ትከሻ ተመልሷል።

ቦብ ኤበሊንግ ያን አላየም። በጃንዋሪ 2016፣ በአደጋው 30ኛ ዓመት፣ በራዲዮ ቀርቦ ጸጸቱ ዛሬም እንዳልለቀቀው ተናገረ፤ የበለጠ መጮህ ነበረብኝ ብሎ ያምን ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ አድማጮች ጻፉለት። ያን ሌሊት ከስብሰባው መስመር ላይ ከነበሩት ኃላፊዎችም ሁለቱ፣ ድርሻህን ተወጥተሃል አሉት። በማርች ወር በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

አስቡት፤ እውነቱን የተናገረው ሰው ነው ሠላሳ ዓመት የጥፋተኝነት ሸክም የተሸከመው። ንጉሥ በማይከሰስበት ቤት ክሱ አይቀርም፤ እውነት የተናገረው ሰው ራሱን ይከሳል።