የባንክ ጥቅል ቃራሚዎች

አሜሪካ ውስጥ አንድ የባንክ ደንበኛ 500 ዶላር ይዞ ሄዶ "በዚህ የሀፍ ዶላር ካርቶን እፈልጋለሁ" ማለት ይችላል። ቅርንጫፉ በእጁ ከሌለው ያዝለታል፤ ከቀናት በኋላ ትንሽ ግን ከባድ ካርቶን ይመጣል። ውስጡ 50 የወረቀት ጥቅሎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ጥቅል 20፣ በጠቅላላው 1,000 ባለ ግማሽ ዶላር ሳንቲሞች። ሰውየው ካርቶኑን ቤቱ ወስዶ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ይፈታል። የፈለገውን ለይቶ ያስቀራል፣ የጎደለውን ከኪሱ ይተካል፣ የተቀረውን ወደ ባንክ ይመልሳል። ምንም ካላገኘ 500 ዶላሩ ሳይሸረፍ ይመለሳል፤ የከሰረው ጊዜውንና የመኪናውን ቤንዚን ነው። መክሰር የሌለበት ሎተሪ ብዬ ልጠራው አስቤ ነበር፤ ግን ሥራው ቃርሚያ ነው። ማሳው ከስልሳ ዓመት በፊት ታጭዷል፤ ቃራሚው የሚሄደው አጫጆቹ የዘለሉትን ዛላ ለመልቀም ነው።

አጨዳው የተካሄደው በ1960ዎቹ ነው። (ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1964 ድረስ የአሜሪካ ዳይም (ባለ 10 ሳንቲሙ)፣ ኳርተርና ሀፍ ዶላር 90 በመቶ ማዕድኑ ብር፣ የቀረው መዳብ ነበር። የብር ዋጋ እየወጣ፣ በገበያ ላይ ሳንቲም እያጠረ ሲመጣ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 23 ቀን 1965 አዲስ የሳንቲም ሕግ ፈረሙ። ዳይምና ኳርተር ብራቸውን ሙሉ በሙሉ አጡ፤ ውስጣቸው መዳብ፣ ላያቸው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ሆነ። ሀፍ ዶላር 40 በመቶ ብር ይዞ እስከ 1970 ቆየና እሱም ተከተላቸው። አሮጌዎቹን ግን ማንም አልሻራቸውም። የ1964ቱ ኳርተርና የ1966ቱ ኳርተር እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ እኩል 25 ሳንቲም ናቸው፤ አንጥረኛ ዘንድ ከሄዱ ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው።

ሕዝቡ ይህን ለማወቅ አልዘገየም። ብር ያለባቸውን እየመረጠ አስቀረ፤ ከ1969 ጀምሮ ማቅለጡ ሲፈቀድና በ1980 መጀመሪያ የአውንሱ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ እጅግ ብዙ ሳንቲም እቶን ገባ። ታዲያ ዛሬ ምን ቀረ? የቀረው በባንኩ አሠራር ምክንያት ነው። ሳንቲም ከሱቅ ወደ ባንክ፣ ከባንክ በብረት ለበስ መኪና ወደ ቆጠራ ድርጅት ይሄዳል፤ እዚያ ማሽን ይጠቀልለውና ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ዓመቱን የሚያነብ ማንም የለም። ስለዚህ አንድ አዛውንት ሲሞቱ ልጆቻቸው ከቁም ሣጥን ያገኙትን የሳንቲም ማሰሮ ሳያዩ ባንክ ቢያስገቡት፣ ያ ሁሉ ብር በሁለተኛው ሳምንት በሌላ ሰው ካርቶን ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ሀፍ ዶላር የቃራሚዎች ዋና ማሳ የሆነውም በምክንያት ነው። ዳይምና ኳርተር በየቀኑ በሺህ እጅ ስለሚያልፉ በደንብ ተለቅመዋል። ሀፍ ዶላርን ግን አሜሪካውያን መገበያየት ከተዉ ቆዩ፤ በመሳቢያና በካዝና ተኝቶ የኖረ ሳንቲም ነው፣ የነካውም ጥቂት ሰው ነው። ሒሳቡን እንየው። ባለ 90 በመቶው ሀፍ ዶላር 12.5 ግራም ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 0.36 አውንስ ያህል ነው። አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን እንኳ በ50 ሳንቲም የተገዛው ከ10 ዶላር በላይ ያወጣል። ባለ 40 በመቶው በዚያው ዋጋ 4 ዶላር ከ40 ገደማ ነው።

የለመደ ሰው የእያንዳንዱን ሳንቲም ፊት አያይም። ጥቅሉን ይፈታና ሳንቲሞቹን በጎን ደርድሮ ጠርዛቸውን ይመለከታል። አዲሶቹ መሐላቸው ላይ ቀይ የመዳብ መስመር ያሳያሉ፤ ባለ 90 በመቶው ዙሪያውን ነጭ ነው። አስቸጋሪው ባለ 40 በመቶው ነው፤ ጠርዙ ዳመን ያለ ግራጫ ስለሆነ ዓይን ይዘለዋል። ከ1965 እስከ 1970 ያለውን ዓመት ማንበብ ግድ ይላል። ብር የሌለባቸውም ቢሆኑ አንዳንዴ ታሪክ አላቸው። ከ2002 እስከ 2020 ድረስ ሀፍ ዶላር የሚመታው ለሰብሳቢዎች ብቻ ነበር። ከነዚያ አንዱ ጥቅል ውስጥ ከተገኘ አንድ ሰው ከዋጋው በላይ ከፍሎ የገዛውን እንደ ተራ ዝርዝር አውጥቶታል ማለት ነው፤ ምናልባት ቸግሮት።

እነዚህን ሳንቲሞች የቀረጹ ሁለት ሰዎች እኛንም ይነኩናል። ከ1948 እስከ 1963 የተመታውን የፍራንክሊን ሀፍ ዶላር የነደፈው ጆን ሲኖክ ነው፤ ከ1946 ጀምሮ ያለው የሩዝቬልት ዳይምም የእሱ ነው። ኬኔዲ በኅዳር 1963 ከተገደሉ በኋላ በወራት ውስጥ የወጣውን የ1964 ሀፍ ዶላር ምስል የሠራው ደግሞ ጊልሮይ ሮበርትስ ነው። በኛ አቆጣጠር 1936 የሚል የተጻፈባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች በፊላዴልፊያ ሲመቱ የንጉሡን መልክ የቀረጸው ሲኖክ፣ የጀርባውን አንበሳ የቀረጸው ሮበርትስ ነበር። የዚያ ዘመን ባለ 50 ሳንቲም ብር ነበር፤ አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ በውሰት መልክ ለኢትዮጵያ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር ሰጥታለች። ኋላ የተመቱትም ያንኑ 1936 እንደያዙ ስለወጡ፣ የኛን አሮጌ ሳንቲም ዕድሜ ቁጥሩን አይቶ መናገር አይቻልም።

በዋሽንግተን ዙሪያ በፓርኪንግ፣ በነዳጅ ማደያና በትንንሽ ሱቆች ካሽ ሬጂስተር ላይ የሚሠራ ወገን ብዙ ነው። ሰው ካርቶን አዝዞ የሚፈልገው በእሱ እጅ በነጻ ያልፋል። ባለቤቱ ከፈቀደ ከኪስ አንድ ኳርተር አስገብቶ የ1964ቱን ማውጣት የዕለቱን ሒሳብ አያዛባም። ያገኙትን ግን በጥርስ ሳሙናም ሆነ በሎሚ እንዳያጥቡት! የተወለወለ ሳንቲም ሰብሳቢ ፊት ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል፤ የጠቆረው ገጽ የዕድሜው ማስረጃ ነው።

ከባንክ ጋር ያለው ግንኙነት የዚህ ልማድ ስስ ብልት ነው። ቃራሚዎች የሚያዙበትን ባንክና የሚያራግፉበትን ባንክ ይለያሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፈተሹትን እዚያው ከመለሱ በሳምንቱ የራሳቸውን ትርፍራፊ መልሰው ይገዛሉ። ሌላው ይሉኝታ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሺህ ልቅ ሳንቲም መስኮት ላይ መዘርገፍ፣ ከኋላ ሰልፍ ያለባትን ሠራተኛ ያማርራል። የመቁጠሪያ ማሽን ያለው ቅርንጫፍ መምረጥ፣ ሰላምታ ማብዛት፣ ለበዓል ኬክ ይዞ መሄድ ሁሉ ከሙያው ይቆጠራል። አንዳንድ ሠራተኛ ደንበኛ በእጁ ጠቅልሎ ያመጣውን አሮጌ ወረቀት ያለውን ጥቅል ለወዳጇ ታስቀምጣለች፤ ከማሽን ጥቅል ይልቅ ተስፋ ያለውም እሱ ነው።

ኒክልን (ባለ 5 ሳንቲሙን) የሚፈትሹ ከ1942 እስከ 1945 የተመቱትን ይፈልጋሉ። ያኔ የኒኬል ማዕድን ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ 35 በመቶ ብር ገባበት፤ ምልክቱም ጀርባው ላይ ከሚታየው የሞንቲቼሎ ቤት ጉልላት በላይ ያለ ትልቅ ፊደል ነው። ኳርተር ላይ መንግሥት ራሱ በ2019 እና በ2020 በዌስት ፖይንት የተመቱ 20 ሚሊዮን ሳንቲሞችን ሆን ብሎ ገበያ ውስጥ በተነ፤ ሰው ሳንቲሙን ማየት እንዲጀምር። ብልሃቱ ሠርቷል፤ ለእኔ ግን ተቀብሮ የተሰጠ ሀብት ሳይታሰብ እንደተረፈው አይጥምም።

ፔኒ (ባለ 1 ሳንቲሟ) ግን ሌላ ዓለም ናት። የ25 ዶላር ካርቶን 2,500 ፔኒ ይይዛል፤ ደሃም ሊጫወተው ይችላል። እዚህ የሚፈለገው ስሕተት ነው። በ1955 ጽሑፏና ዓመቷ ተደርበው ሁለት ሁለት የታዩባት ፔኒ ከ20,000 በላይ ሆና ሳትያዝ ወጣች። የሲጋራ መሸጫ ማሽኖች ፓኮውን በ23 ሳንቲም ይሸጡ ስለነበር፣ ኳርተር ላስገባ ሰው የሁለት ፔኒ መልስ ፓኮው ላይ ታሽጎ ይመጣ ነበር፤ ብዙዎቹ የተገኙት በዚያ መንገድ ነው። ከዚያ የምትበልጠው የ1943ቷ ናት። በዚያ ዓመት መዳብ ለጥይት ስለተፈለገ ፔኒ ከብረት ተመታ፤ ጥቂቶች ግን በስሕተት በመዳብ ወጡ። አንዷን የማሳቹሴትስ ተማሪ በ1947 በትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ በመልስ ተቀበላት፤ ከሞተ በኋላ በ2019 በ204,000 ዶላር ተሸጠች። መዳብ የተቀባ የብረት አስመሳይ ስለሞላ ማግኔት መያዝ አይከፋም፤ ማግኔቱ ከሳባት ሐሰተኛ ናት።

ፔኒ ፈታሾች ውስጥ ደግሞ ዓመት የማያነቡ፣ ሚዛን ብቻ የሚመለከቱ አሉ። እስከ 1982 ድረስ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ ሆና 3.11 ግራም ትመዝን ነበር፤ በዚያው ዓመት መሐል ወደ ዚንክ ተቀየረችና 2.5 ግራም ሆነች። ጠረጴዛ ላይ ብትጥሏት አሮጌዋ ትጮኻለች፣ አዲሷ ትደፈናለች። እነዚህ ሰዎች የመዳቧን በባልዲ ያከማቻሉ፣ የመዳቡ ዋጋ ከአንድ ሳንቲም ይበልጣልና። ጭንቀታቸው ሕጉ ነው። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ፔኒና ኒክል ማቅለጥ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። መንግሥት በኅዳር 2025 የመጨረሻዋን የመገበያያ ፔኒ በፊላዴልፊያ ሲመታ ባልዲ ያላቸው ሰዎች ደስ አላቸው፤ ክልከላው ሊነሳ ነው ብለው። ፔኒ ግን ሕጋዊ ገንዘብ እንደሆነች ነው፤ ባልዲውም ጋራዥ ውስጥ ቦታ እንደያዘ ነው።