ስለ ዘመድ ጋብቻና ስለ ሴቲቱ ፈቃድ

በኮልፌ ቀራንዮ የአንዱ ጎረቤት ልማድ ለሌላው ነውር የሚመስልበት ነገር ቢኖር ጋብቻ ነው። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል፤ ዘመድነት ከተገኘ «እኅቱ ናት» ተብሎ ነገሩ ይፈርሳል። ለሙስሊሙ ጎረቤቱ ግን የአጎትን ወይም የአክስትን ልጅ ማግባት በሃይማኖቱ የተፈቀደ ነው፤ የተፈቀደ እንጂ የታዘዘ አለመሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። እኛም ነገሩን ከጤና በኩል ለመምህራንና ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

በዐረብ አገሮች ልማዱ የቆየ ነው። በብዙ ስፍራ ለአንድ ወንድ ቀዳሚዋ እጩ የአባቱ ወንድም ልጅ ናት። ሀብት ከቤት አይወጣም፤ መህሩም ይቀላል፤ ሙሽራይቱም ከማታውቀው አማት እጅ አትወድቅም። ይህ የኋለኛው ጥቅም እንደ ቀላል አይታይም። ነገር ግን ባሏ ቢበድላት ወዴት ትሄዳለች? አማቷ አጎቷ ነው፤ አባቷም ለእርሷ ሲል ከገዛ ወንድሙ ጋር መጣላት ሊኖርበት ነው። በአገራችንም አፋሮች አብሱማ በሚሉት ሥርዐት ወንዱ የአባቱን እኅት ልጅ ለማግባት መብት አለው፤ ልጅቱ እምቢ ብትል ግን ነገሩ ይከብዳታል። (ከየመን ወደ አዲስ አበባ መጥተው «ዐረብ ቤት» የተባሉትን ሱቆች ከከፈቱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ያገሩን ሴቶች አግብተዋል። ስለዚህ ዐረብ ሁሉ የአጎቱን ልጅ ያገባል ማለት ስሕተት ነው።)

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ማንኛውም ሰው በማይታይ ሁኔታ የበሽታ ዘር ተሸክሞ ሊኖር ይችላል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ የተወረሰ እንደ ሆነ ልጁን አያሳምመውም። የወንድማማች ልጆች ግን ከጋራ አያቶቻቸው የወረሱት የዘር ክፍል በአማካይ አንድ ስምንተኛ ይደርሳል። ሁለቱም ያንኑ ጉድለት ተሸክመው ከተጋቡ፥ በእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ የመታመሙ ዕድል ከ4 አንድ ነው። አንዳንድ የመስማት ጉድለትና የደም በሽታ በዚህ መንገድ ይመጣል።

ሆኖም ማጋነን አይገባም። በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ የተደረገውና በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው ጥናት፥ ከአካል ጉድለት ጋር የመወለድ ዕድል በአጎት ልጆች ጋብቻ ከ100 ከ3 ወደ 6 ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እንግዲህ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸው። ይኸው ጥናት ከፍ ያለ ትምህርት ባላቸው እናቶች ዘንድ አደጋው በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ማግኘቱ በተለይ መምህራንን የሚመለከት ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥትም በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጮኞች ከኒካሕ በፊት ደማቸውን እንዲመረመሩ አስገድዷል፤ ጋብቻውን ግን አልከለከለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ግን ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አድርጎ፥ የሁለቱን ነጻ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ለአጎቷ ልጅ ታጭታ ትምህርቷን ልትተው መሆኑን የሰማ መምህር፥ ዘመድነቱን ከመንቀፍ በፊት ዕድሜዋንና ፈቃዷን ይጠይቅ።

የዘመድ ልጅ ያገባች ነፍሰ ጡር ደግሞ በመጀመሪያው ምርመራ ይህንኑ ለአዋላጇ ትንገር፤ በቤተሰቡ መስማት የተሳነው ወይም በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ካለም አትደብቅ። ሕፃኑ እንደ ተወለደ ጆሮው ቶሎ እንዲመረመር ይጠቅማልና።