ርካሽ ወር ወይስ ርካሽ ጉዞ? ኢስታንቡል በግንቦት

ለጉብኝት ውጭ አገር መሄድ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ትኬትና አልጋ የሚረክስበትን ወር በመፈለግ ነው። እነሱ የረከሱበት ወር ግን ሁልጊዜ ጉዞው የሚረክስበት ወር አይደለም። ይህን በደንብ ከሚያሳዩ ከተሞች አንዷ ኢስታንቡል ናት፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ አምስት ሰዓት ገደማ የምትርቅ፣ ነጋዴዎቻችን የላሌሊንና የሜርተርን የልብስ ሱቆች አብጠርጥረው የሚያውቁባት፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት የሚመጡ ብዙ ወገኖችም አውሮፕላን የሚቀይሩባት።

ኢስታንቡል ውስጥ ሆቴል የሚረክሰው በጥርና በየካቲት ነው። ያኔ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ዝናብ ይበዛል፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። በጥር የቀኑ ርዝመት በአብዛኛው አሥር ሰዓት እንኳ አይሞላም። በአልጋ የዳነው ገንዘብ ለታክሲ፣ ለካፌና ለወፍራም ካፖርት ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ 28 እና 29 ዲግሪ ይደርሳል፣ ወበቁም አለ፤ የአውሮፓ ተማሪ ቤቶች ስለሚዘጉ በየበሩ ሰልፍ ነው። ግንቦት ላይ ግን የቀኑ ሙቀት 21 ዲግሪ፣ የሌሊቱ 12 እና 13 አካባቢ ሲሆን ዝናቡም አነስተኛ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ የሚሆን አየር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ብርሃኑን ነው። ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሰዓቷን መቀያየር ስለተወች ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው። በግንቦት አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ወዲያው ሲጨልም፣ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው። በአንድ የአልጋ ክፍያ ከጥር ይልቅ አምስት ሰዓት የሚበልጥ ቀን ያገኛሉ ማለት ነው። ሦስት ቀን ለሚቆይ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

አየሩ ሲመች ከተማዋ በእግርና በጀልባ ትታያለች። ከኤሚኖኑ ወደብ ወደ ካዲኮይ የሚሻገረውን የሕዝብ ጀልባ ይያዙ። የሚከፈለው በኢስታንቡልካርት ነው፤ ይኸው ካርድ ለትራም፣ ለሜትሮና ለአውቶቡስም ይሠራል። ከውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ፣ ሲሚት የሚሉትን፣ በሻይ እየበሉ ከሃያ ደቂቃ በላይ በቦስፎረስ አፍ ላይ ይጓዛሉ። ከኋላ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥትና የአያ ሶፍያ ጉልላት ይታያሉ። ለቱሪስት የተዘጋጁት ጀልባዎች ለዚህ ዓይነቱ እይታ ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ። ሲሻገሩ ነፋሱ ስለሚበረታ ሹራብ አይርሱ፤ ከጥቁር ባሕር የሚነሳው የሰሜን ነፋስ በግንቦትም ይቀዘቅዛል። ባሕሩ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ለዋና ገና ነው። ሹራብ፣ ቀላል ጃኬትና ለኮብልስቶን ዳገት የሚሆን ጫማ ከያዙ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ትበቃለች።

ለምሳ ሠራተኛው የሚበላባቸውን ሎካንታ የሚባሉ ምግብ ቤቶች ይፈልጉ። ወጡ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ስለሚታይ ቋንቋ ባይችሉም በጣት ማሳየት ይበቃል። በወይራ ዘይት የተሠሩ የአትክልት ምግቦችም አሏቸው፤ እርጎ እንዳይጨመርበት ካሉ ለጾመኛ ይሆናሉ። በግንቦት ግን አብዛኛው ጊዜ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም።

በመግቢያ ክፍያ ላይ መራጭ መሆን ያስፈልጋል። አያ ሶፍያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚን 25 ዩሮ ታስከፍላለች፤ የሚያሳዩትም የላይኛውን ሰገነት ነው። ሰማያዊው መስጊድና እ.ኤ.አ. በ1557 የተጠናቀቀው ሱለይማኒዬ ግን ነጻ ናቸው። ገንዘብ ካጠረ ያለ ቅሬታ ሱለይማኒዬን ይምረጡ፤ ከግቢው ወርቃማው ቀንድ የሚባለው የባሕር ሰርጥ ወለል ብሎ ይታያል። ቶፕካፒ ማክሰኞ፣ ትልቁ የገበያ አዳራሽ ደግሞ እሑድ ዝግ ናቸው።

ግንቦትን ሲመርጡ የበዓል ቀን መቁጠሪያውንም ይመልከቱ። ቱርኮች ዒድ አል አድሃን በስሌት አስቀድመው ስለሚወስኑ ቀኑ ይታወቃል፤ በ2018 ዓ.ም. ግንቦት 19፣ በ2019 ዓ.ም. ግንቦት 8 ላይ ይውላል። በዚያ ሳምንት ሕዝቡ ወደየትውልድ ቦታው ስለሚጓዝ የአገር ውስጥ አውቶቡስና በረራ ይሞላል፣ ትልቁ ገበያም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 1፣ ማለትም ሚያዝያ 23 ቀን ደግሞ ፖሊስ የታክሲም አደባባይን ስለሚዘጋ በዚያ አካባቢ አልጋ አይያዙ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬትም ሆነ አልጋ አይግዙ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለጉብኝት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ። የሊራ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥም ዓምና የሄደ ሰው የነገረዎትን ዋጋ ይዘው በጀት አይሥሩ።

በቱርክ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ ለሚያልፉ ሌላም መንገድ አለ። በሁለት በረራ መካከል ከ6 እስከ 24 ሰዓት የሚቆይ መንገደኛ ቱሪስታንቡል በተባለው የአየር መንገዱ ነጻ ጉብኝት ከተማዋን ማየት ይችላል፤ ከ20 ሰዓት በላይ ለሚቆዩም ከተወሰኑ አገሮች ሲነሱ የነጻ ሆቴል ዕድል አለ። ከአውሮፕላን ጣቢያው መውጣት ግን ወደ አገሩ እንደመግባት ስለሚቆጠር፣ ቪዛ የሚጠየቅ ፓስፖርት የያዘ ሰው አስቀድሞ ቪዛውን ማውጣት አለበት።