ስለ አፍ ነርቭ መጠገንና ስለ ታካሚው እርካታ

የቡሬን በርበሬ ቀምሶ አፉ የማይቃጠል ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? አጎቴ ግን እንዲህ ሆነዋል። በቡሬ ገበያ በርበሬ ሲነግዱ ብዙ ዘመን ኖረዋል። የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ወዲህ ግን የምላሳቸው የግራ ወገን ደነዘዘ። በርበሬው በቀኝ በኩል ይፋጃል፤ በግራ በኩል እንደ አፈር ነው። ሲበሉም ምላሳቸውን ይነክሱና ደሙን እስኪያዩ ድረስ አያውቁትም። «የማደንዘዣው ነው፤ ይለቃል» እያሉ ዓመት ሙሉ ዝም አሉ። የዚህን ነገር ምክንያት መምህራችንን ጠይቄና መጻሕፍት ተመልክቼ የተረዳሁትን ለውድ አንባብያን ከዚህ ቀጥሎ እገልጻለሁ።

ነርቭ ማለት ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርስ ክር መሰል አካል ነው። ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው የፊትንና የአፍን ስሜት ያደርሳል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ወደ ምላስ ይሄዳል፤ ሌላው በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ አልፎ ወደ ጥርስና ወደ ታችኛው ከንፈር ይደርሳል። ሁለቱም በመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ አጠገብ ስለሚያልፉ ጥርሱ ሲነቀል አንዳንድ ጊዜ ይጎዳሉ። የበርበሬ መፋጀትም ጣዕም ሳይሆን ይኸው ነርቭ የሚያደርሰው የማቃጠል ስሜት ነው፤ የአጎቴም ምላስ በግራ በኩል የማይቃጠለው ስለዚህ ነው።

ነርቩ የተጫነ ወይም የተለጠጠ ብቻ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ ይድናል። የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ የተበላሸውን ክፍል ያወጣና ሁለቱን ጫፎች ከጠጕር በቀጠነ ክር ይሰፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ነርቩ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ውጤቱ የሚታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ታካሚዎቹስ ይረካሉን? በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ የምላስ ነርቭ የተሰፋላቸው 53 ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በተጎዳው ወገን ቀላል ንክኪ የሚሰማው አንድም ሰው አልነበረም፤ በኋላ ግን ግማሽ ያህሉ ተሰማቸው። ምላስ መንከሱም ቀነሰ። ጉንዳን የሚሄድበት የሚመስለው ስሜት ግን አልቀነሰም። ይህም ሆኖ ታካሚዎቹ ሕክምናውን የሚጠቅም ሆኖ አግኝተውታል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ይኸውም ቀዶ ሕክምናው ምላስን እንደ ቀድሞው አያደርግም፤ ያሻሽላል እንጂ። ሙሉ ጤና የጠበቀ ሰው ግማሹን ቢያገኝ ያዝናል፤ እውነቱ አስቀድሞ የተነገረው ግን ባገኘው ግማሽ ይደሰታል። ስለዚህ የሐኪሙ ቃል ከመርፌው ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

ጊዜም ትልቅ ነገር ነው። መደንዘዙ በማግሥቱ ካልለቀቀ ለነቀለው ሐኪም መንገር ይገባል፤ በ3 ወር ውስጥ መሻሻል ካልታየም የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መላክን መጠየቅ ያስፈልጋል። አጎቴ በመጨረሻ ሄደው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ ስላለፈ ተስፋው የመነመነ መሆኑ ተነገራቸው። «ይህን በመጀመሪያው ወር የነገረኝ ሰው በኖረ!» አሉ። ዛሬ በርበሬ የሚቀምሱት በቀኝ በኩል ብቻ ነው።

እንግዲህ ወላጆችም ሆናችሁ ጓደኞቼ፣ የምላስ መደንዘዝ አያሳፍርምና ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።