በጉለሌ ዳገት ላይ የሁለት መኪኖች ሚዛን

በሰሜን ምዕራብ አዲስ አበባ፣ የእንጦጦ ተራራ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋበት ወገን፣ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት፣ ስፋቱ 705 ሄክታር የሆነ፣ ጽድንና ወይራን፣ ኮሶንና ዝግባን የመሰሉ የአገራችንን ዕፅዋት ይጠብቅ ዘንድ የተለየ ስፍራ አለ፤ ስሙም ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይባላል። ይህ ስፍራ የሚጠቅመው ለዕፅዋት ሊቃውንት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ስለ መኪና ለሚከራከሩ ሰዎችም ከዚህ የተሻለ መፈተኛ በከተማችን እንደማይገኝ ልብ ይበል። ምድሩ ከ2500 ሜትር በላይ ተነሥቶ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ስለ ሆነ አየሩ ስስ፣ መንገዱ ዳገት፣ በክረምትም አፈሩ ጭቃ ነው፤ ደግሞም እሑድ ቤተ ሰቡን ይዞ ሊናፈስ የሚመጣው ሰው የሚሻው መኪና ሌላ፣ በሐምሌ ችግኝና ፍግ የሚያመላልሰው ሰው የሚሻው መኪና ሌላ ነው።

ጥያቄው በየቤቱ የሚነሣ ነው። መኪና ለመግዛት ገንዘብ የቋጠረ ሰው ከዘመድ ከወዳጅ ሲማከር፣ አንዱ «ቪትዝ ግዛ፤ ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋም እንደ ልብ ነው» ሲለው፣ ሁለተኛው «ደብል ካቢን ይሻልሃል፤ ጭነህ ትሠራበታለህ፣ አገር ቤትም ትሄድበታለህ» ይለዋል። ከሁለቱም አፍ የማይወጣ፣ ነገር ግን በሁለቱም ልብ ያለ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ክብር ነው። ለብዙ ዘመን በአገራችን ደብል ካቢን ፒክአፕ የመሥሪያ ቤትና የርዳታ ድርጅት ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ከኋላው ባዶ ስፖንዳ እያንቀጫቀጨ፣ ከፊቱ አንድ ሹም ብቻ ይዞ በፒያሳ ሲያልፍ ማየት ማንንም አያስደንቅም። እኔ ግን ይደንቀኛል። ክብርን የሚለካ ሳይንስ ስለሌለ እርሱን ለባለቤቱ ትቼ፣ የሚለካውን እንመርምር።

መጀመሪያ ስለ አየር። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ከነዳጁ ይልቅ አየር የሚበላ ፍጥረት ነው፤ አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ 15 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋልና። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በጉለሌው አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አየሩን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር፣ ነጂው ምንም ጥፋት ሳይፈጽም፣ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ገና ከቤቱ ሳይወጣ አጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ባለ 1000 ሲሲ ሞተሯ በፋብሪካው መዝገብ 70 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ወደ ጉለሌ በምትወጣበት ጊዜ ግን የሚቀራት 50 ያህሉ ነው። ቱርቦ ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ከዚህ ጉዳት በብዙው ይድናል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ ጋዝ የሚያሽከረክረው መዘውር ስሱን አየር አምቆ ስለሚያስገባለት፣ ተራራው የነሣውን ጭሱ ይመልስለታል። ቱርቦ የሌላቸው አሮጌ ፒክአፖች ግን እንደ ቪትዟ የሚቸገሩ ናቸው፤ በእንጦጦ መንገድ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፉ የሚያዘግሙትም ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ አየር ስለማያገኙ ነው።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «ፒክአፕ አሸነፈ» ለማለት ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን የቀረው ጉልበት ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ሳይጠይቁ መፍረድ ርቱዕ አይደለም። 900 ኪሎ ግራም የምትመዝን ቪትዝ አራት ሰዎች ጭና፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ትወጣ ዘንድ የሚያስፈልጋት 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው፤ አብዛኛው ክብደቷን ወደ ላይ ለማንሣት፣ ጥቂቱ ጎማ ሲንከባለል ለሚጠፋው፣ እጅግ ጥቂቱ ደግሞ አየሩን ለመግፋት ይውላል። ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝነው ደብል ካቢን ግን፣ ነጂውን ብቻ ይዞ በዚያው ዳገት በዚያው ፍጥነት ሲወጣ 36 ያህል ይጠይቃል። አራት ሰው የጫነችው 20፣ አንድ ሰው የጫነው 36! ቪትዟ በ50 ላይ ቆማ 20 ማውጣቷ አይገዳትም፤ የሚገዳት ነጂዋ ማርሽ መቀነስ ሲጸየፍና ሞተሯ በዝቅተኛ ዙር እያቃሰተ እንዲጎትት ሲፈርድባት ነው። ትንሽ ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው በፍጥነት ሲሽከረከር ስለ ሆነ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቢጮህ የሕመም ጩኸት አይደለም።

ከጉልበት ቀጥሎ መሬትን የመቧጠጥ ነገር ይመጣል፤ በዚህስ የትናንትናዎቹ ትንንሽ መኪኖች ከዛሬዎቹ የሚበልጡበት ምሥጢር አለ። መኪና ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎቹ ያዘነብላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የነበሩት ፊያት ሴይቼንቶና ቮልስዋገን ሞተራቸውም የሚገፋቸው ጎማም ከኋላ ስለ ነበረ፣ ዳገቱ በጸና ቁጥር ገፊዎቹ ጎማዎች መሬቱን ይበልጥ ይጫኑት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባት መኪናም እንዲህ ያለች ቮልስዋገን እንደ ነበረች የሚታወቅ ነው። በቪትዟ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ስለ ሆኑ፣ ዳገቱ በጸና ቁጥር የሚጎትቱት ጎማዎች ይቀልላሉ። በክረምት በራሰ ኮብልስቶን ላይ ጎማዋ ባለበት ሲሽከረከር የሚታየውም ስለዚህ ነው። ብልህ ነጂ ግን መኪናዋን አዙሮ ዳገቱን የኋላ ማርሽ አስገብቶ ይወጣዋል፤ ያን ጊዜ የሚጎትቱት ጎማዎች በቁልቁለቱ ወገን ይሆኑና ክብደቱ ይመለስላቸዋል። የሚያይ ሰው ቢስቅም የተፈጥሮ ሕግ ከነጂው ጋር ነው።

ፒክአፑም በዚህ ረገድ ባዶውን ሲሆን የሚመካበት ነገር የለውም። ሞተሩ ከፊት፣ ገፊዎቹ ጎማዎች ከኋላ ናቸው፤ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ያለው ስፖንዳ ደግሞ ቆርቆሮ ብቻ ስለ ሆነ ክብደቱ ከፊት ያደላል። ባሌስትራው አንድ ቶን ይሸከም ዘንድ የተበጀ ስለ ሆነ፣ ባዶውን በኮረኮንች ሲሄድ አይተጣጠፍም፤ እንደ ግልገል ይዘላል፤ በዘለለም ቁጥር ጎማው ከመሬት ይለያል፣ ከመሬት የተለየ ጎማም አይገፋም፣ ፍሬንም አይዝም። ሁለት ጆንያ አሸዋ በኋላ አክሰሉ አንጻር የሚያኖሩ ሾፌሮች የመካኒክ ትምህርት ባይማሩም ነገሩን ጠንቅቀው አውቀዋል። ፎር ዊል ያለው እንደ ሆነ እርግጥ ይህ ሁሉ ይቃለላል፤ ከመሬት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለቱም፣ ሆዷ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ላለው ቪትዝ የማይታሰበውን የጭቃ መንገድ ያሻግረዋል። ከጉለሌው ጥርጊያ ወጥቶ በሐምሌ ጭቃ ወደ መትከያው ስፍራ ለመዝለቅ ፒክአፕ ግድ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር አላነሣም።

የስፖንዳው ነገር ግን ሊብራራ ይገባዋል፤ ዐይንን የሚያታልል ስፍራ ነውና። ርዝመቱና ወርዱ እያንዳንዳቸው ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በውስጡ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ዕቃ ይገባል። ይህን ስፍራ በልል ጭድ ብንሞላው ክብደቱ አንድ ኩንታል እንኳ አይደርስም። ለችግኝ የሚሆን እርጥብ አፈር እስከ አፉ ብንሞላው ግን ከ1600 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል፤ ይኸውም መኪናው ይሸከም ዘንድ ከተፈቀደለት አንድ ቶን እጅግ ያለፈ ነው። ስለዚህ እርጥብ አፈር ወይም አሸዋ የሚጭን ሰው ስፖንዳው ከግማሹ ጥቂት አለፍ ሲል አካፋውን ያስቀምጥ፤ «ገና ቦታ አለ» የሚለውን የጫኝ ምክር አይስማ። ከልኩ በላይ የተጫነ ፒክአፕ የፊት ጎማው ስለሚቀል መሪው አይታዘዝም፤ ከጉለሌ ሲወርድም የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል።

ታዲያ ይህን የሚያህል ጭነት የሚያስፈልገው ማን ነው? ችግኝ የሚያፈላ፣ አትክልት የሚነግድ፣ ግንበኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ወፍጮ ቤት ያለው፤ ለእነዚህ ፒክአፕ እንጀራ ነው። የከተማው ቤተ ሰብ የሚሸከመው ግን ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፣ አስቤዛን ከገበያ፣ አረጋዊት እናትን ወደ ሐኪም፣ ሲበዛም አንድ ኩንታል ጤፍ ነው፤ ይህን ሁሉ ቪትዟ የኋላ ወንበሯን አጥፋ ትችለዋለች። ለፋሲካ በግ ከኋላ መስኮቷ አንገቱን አስግጎ ሲጓዝ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤት ለመቀየርና አልጋ ለማጓዝ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያስፈልገው መኪና በዚያው ቀን በኪራይ ይገኛል፤ ለዚያች ቀን ብሎ በቀሩት ቀኖች ሁሉ አንድ ተጨማሪ ቶን ብረት ዳገት ማስወጣት ግን በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነው። ቪትዝ በ100 ኪሎ ሜትር ስድስት ወይም ሰባት ሊትር ቤንዚን ስትጠጣ፣ ደብል ካቢኑ 10 ሊትር ናፍጣና ከዚያም በላይ ይሻል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ቃጠሎ 2.3፣ የናፍጣው 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ በዚያው መንገድ አንዲቱ 15፣ ሁለተኛው 27 ኪሎ ግራም ወደ ጉለሌ ዛፎች ይልካሉ ማለት ነው።

ፒክአፕን የሚነቅፉ አንዳንድ ሰዎች አስፋልት ያበላሻል ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ በተደረገው የመንገድ ምርመራ፣ በአክሰል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ያህል እንደሚሆን ስለ ተገኘ፣ አነጋገሩ መሠረት አለው። ዳሩ ግን በዚያው ስሌት፣ በአንድ አክሰሉ 10 ቶን የሚጭን ሲኖትራክ የአንድ ቶን አክሰል ካለው ፒክአፕ 10000 ጊዜ ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ አስፋልቱን በፒክአፕ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይልቅስ ሊነቀፍ የሚገባው በእግረኛ ነገር ነው። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው፤ ዝቅ ያለው የቪትዝ ኮፈን ጎልማሳን ሰው እግሩን መትቶ በላዩ ሲያንከባልለው፣ ከፍ ያለው የፒክአፕ ግንባር ግን ዳሌውንና ደረቱን ይመታል። ከኮፈኑ ፊት ለፊት የቆመ ሕፃንንም ነጂው ከነአካቴው ላያየው ይችላል። አምስት ሜትር ከ30 የሚረዝመውን መኪና በጉለሌ ሠፈሮች ጠባብ ቅያስ ማዞርም ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል።

ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ግን ይህ ክርክር መልኩን እየለወጠ ሄዷል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ያለው ጉልበቱ በጉለሌ አናት ላይም ያው ነው። ትንሿ መኪና በተራራ ላይ የነበረባት ዐቢይ ጉድለት በዚህ ተወገደ። የባትሪው ክብደት ግን አለ፤ ሲጋል የምትባለው ትንሽ የቢዋይዲ መኪና 1200 ኪሎ ግራም ያህል ስለምትመዝን፣ ከቪትዝ ይልቅ አራት ሰው ያህል ክብደት አብዝታ ትሸከማለች። ለፒክአፕ ይህ የበለጠ ከባድ ነው፤ ከፍተኛ ጭነት ተሸክሞ ሩቅ ይሄድ ዘንድ ብዙ ባትሪ ይሻል፣ ባትሪውም ሊጭነው ከሚችለው ላይ ይቀንስበታል።

ወጪውን ግን ቁልቁለቱ በከፊል ይመልሰዋል። አራት ሰው የያዘች ሲጋል 400 ሜትር ከፍታ ስትወርድ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ኃይል ትለቃለች፤ በነዳጅ መኪና ይህ ሁሉ በፍሬንና በሞተር ሙቀት ሆኖ የሚባክን ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ መኪና ግን ጎማና አየር ከሚወስዱት የተረፈው፣ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ፣ በብዛት ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህ የሚሆነው በባትሪው ውስጥ ባዶ ስፍራ ሲኖር ነው። ቤቱ በጉለሌ ከፍታ የሆነ ሰው ሌሊቱን እስከ 100 በመቶ ሞልቶ ጧት ወደ መሀል ከተማ ቢወርድ መኪናዋ ኃይሉን የምታኖርበት ታጣና ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ 90 በመቶ ላይ ቢያቆም የተሻለ ነው።