የሕዋስ ልጓም ሲላላ፦ ከሪችመንድ የምርምር ማዕከል እስከ ጡት ካንሰር ክኒን

ቁስል ሲሽር፣ ፀጉር ሲያድግ፣ የአንጀት ሽፋን ሲታደስ የሰው አካል አዳዲስ ሕዋሳትን ያመርታል። አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን የሚሰጡትም የሚነፍጉትም የሕዋስ ዑደትን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች ናቸው። ካንሰር በአብዛኛው የዚህ ቁጥጥር መፍረስ ውጤት ነው።

ቁጥጥሩን በመድኃኒት ለመመለስ ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፣ ከኦክላንድ በስተሰሜን ካለችው ሪችመንድ ከተማ ጋር የተያያዘ ነው።

ዑደቱ እንዴት ይሠራል?

ሕዋስ በመጀመሪያ ያድጋል፤ ቀጥሎ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ከዚያም ቅጂው ትክክል መሆኑ ተጣርቶ ይከፈላል። ዑደቱን ወደፊት የሚገፉት ሲዲኬ የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህ ብቻቸውን አይሠሩም፤ ሳይክሊን ከተባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር መጣመር አለባቸው። የዑደቱን ዋነኛ ተቆጣጣሪዎች የለዩት ሊላንድ ሃርትዌል፣ ቲም ሃንት እና ፖል ነርስ በአውሮፓውያኑ 2001 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ዑደቱ ልጓምም አለው። አርቢ የተባለው ፕሮቲን ሕዋሱ ዲኤንኤውን መገልበጥ እንዳይጀምር ይይዘዋል። ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 ከሳይክሊን ዲ ጋር ሲጣመሩ ግን ልጓሙን ይፈቱታል። ፒ53 የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ዲኤንኤ ሲጎዳ ዑደቱን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ከካንሰር ዕጢዎች ግማሽ ያህሉ የፒ53 ዘረመል የተበላሸባቸው ናቸው።

ከባሕረ ሰላጤው የተነሳ ምርምር

በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ቢሾፕ እና ሃሮልድ ቫርመስ ካንሰር አምጪ ዘረመሎች መነሻቸው የጤናማ ሕዋስ ዘረመሎች መሆናቸውን በ1976 አሳዩ። በ1989ም ለዚህ ሥራቸው ኖቤል ተሸለሙ። በሌላ አነጋገር፣ የካንሰር መነሻ ጤናማው ሕዋስ በራሱ ውስጥ የሚገኝ ነው።

በ1992 የተመሠረተውና በሪችመንድ ይሠራ የነበረው ኦኒክስ ኩባንያ በ1995 ከዋርነር ላምበርት ጋር የሕዋስ ዑደትን የሚመለከት የምርምር ስምምነት ፈጸመ። በኋላ ፋይዘር ዋርነር ላምበርትን ጠቀለለ። ከዚህ ምርምር የተገኘው ፓልቦሲክሊብ የተባለ ክኒን ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6ን በመግታት አርቢ ልጓሙን እንዳይለቅ ያደርጋል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክኒኑን በየካቲት 2015 ፈቀደ። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት፣ በሆርሞን የሚነቃቃ የተሠራጨ ጡት ካንሰር ካለባቸው ሴቶች መካከል የሆርሞን መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በሽታቸው ሳይባባስ የቆየው በአማካይ 10.2 ወር ነበር። ፓልቦሲክሊብ የተጨመረላቸው ግን 20.2 ወር ቆይተዋል።

መድኃኒቱ ፈውስ አይደለም። በኋላ በተካሄደ ሰፊ ጥናት የታካሚዎችን ዕድሜ በግልጽ ማራዘሙ አልተረጋገጠም። ዕጢው አርቢን ፈጽሞ ካጣ ደግሞ የሚጠበቅ ልጓም ስለማይኖር ክኒኑ አይሠራም። የአጥንት መቅኒ ሕዋሳትም በእነዚሁ ሲዲኬዎች ስለሚጠቀሙ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። ክኒኑ ለ21 ቀናት ተወስዶ ለ7 ቀናት የሚቋረጠው ለዚህ ነው።

ልጓሙ ሳይበጠስ

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ሲሆን የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ይከተለዋል። ሁለተኛውን የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ የሚያጠቃውም እነዚሁኑ ጠባቂዎች ነው፤ አንደኛው ፕሮቲኑ አርቢን ሲያሰናክል ሌላው ፒ53ን ያጠፋል።

ልዩነቱ ይህን ጥቃት አስቀድሞ መከላከል መቻሉ ነው። ኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት መስጠት የጀመረችው በታኅሣሥ 2018 ነው። ለአዋቂ ሴቶች ደግሞ ቅድመ ምርመራ የተለወጡ ሕዋሳት ወደ ካንሰር ሳያድጉ እንዲታከሙ ያስችላል። በጡት ላይ እብጠት፣ የቅርጽ ለውጥ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ያየች ሴት ሕመም ባይሰማትም ሳትዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ይኖርባታል።